የእትዬ ጥሩአይነት ጆግ

ባለፈው ቅዳሜ ቡሬ ገበያ ላይ ድንኳናችንን አየሁት። መሬት ላይ ተነጥፎ ዛላ በርበሬ ተከምሮበታል። ቢጫ ነው፤ ጫፉ ላይ እኔ ራሴ በሰማያዊ ክር የጣፍኩት ቀዳዳ ስላለ ሌላ ድንኳን ነው ብዬ ራሴን ማታለል አልቻልኩም። ደንግጬ ቆሜ ቀረሁ።

«በርበሬ ልመዝንልሽ እንዴ ልጄ?» አለችኝ ሻጯ።

«አይ፣ ሸራውን እያየሁ ነው።»

«ሸራው አይሸጥም» ብላ ወደ ራሷ ሰበሰበችው። የምነጥቃት መስሏታል።

በዚያ ሸራ ውስጥ ሰው ተኝቶ የሰሜን ተራሮችን ውርጭ አሳልፏል ብላት ታምነኝ ነበር? አልነገርኳትም። እኔ ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም። ዳቦ ቤት ሊጥ ሳቦካ የምውለውም አንድም ለዚሁ ነው፤ ሊጥ ጥያቄ አይጠይቅም። ቤት ስገባ ግን ነገሩ አልተወኝም። ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ስላቆምኩ ጽሕፈቴ የዚያን ያህል ነው። ያም ሆኖ የድሮ ሥራዬን ልጽፈው ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ የተቀጠርኩት እዚሁ ቡሬ ሆቴል ውስጥ ዕቃ አጣቢ ሆኜ ነው። አሠሪዬ ስሜን ሳይጠይቀኝ ነው የለቀቅኩት፤ «አንቺ» ነበር የሚለኝ። ከዚያ ደጋው ላይ በፈረስ ቤት ከተማ በኩል መንገድ ለሚሠሩ ሰዎች ወጥ ቤት ገባሁ። እዚያ በድንኳን ማደርን፣ በነፋስ መሀል ምድጃ መከለልን፣ ለብዙ ሰው ሽሮ ሳላጓጉል መሥራትን ተማርኩ። አለቃችን ወጡ ሲቀጥንበት ጭልፋ ይወረውር ነበር። ደመወዙ ግን ሳይዘገይ ይመጣል፤ ስለዚህ ጭልፋውን እየሸሸን እንሠራለን።

እትዬ ጥሩአይነት ያገኙኝ እዚያ ነው። ፍኖተ ሰላም የሚኖሩ፣ ቀጠን ያሉ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው የሚያስሩ ሴት ናቸው። ሥራቸው ተጓዥ ማሰናዳት ነበር። ከከተማ ወጥቶ በእግር መሄድና ድንኳን ውስጥ ማደር የሚፈልግ ሰው ካለ ወደ እሳቸው ይመጣል። ወደ ጮቄ ተራራ ይወስዳሉ፤ ዝናቡ ካለፈ በኋላ ደግሞ ወደ ትልቁ ፓርክ፣ ወደ ሰሜን ተራሮች። የዚያን ቀን ድስት ሊከራዩ መጥተው ዕቃ ሳጥብ ቆመው አዩኝ።

«ስምሽ ማነው?»

«ይታይሽ።»

«አልሰማሁም።»

«ይታይሽ» አልኩ፣ ድስቱን እያየሁ።

«ድስቱን ነው ወይስ እኔን ነው የምታናግሪው? በይ ነይ፣ ከእኔ ጋር ትሠሪያለሽ።»

እንዲህ አድርገው ወሰዱኝ።

የእትዬን ሥራ ያላየ ሰው ጉዞ ማለት መኪና ላይ መውጣት ይመስለዋል። ለእሳቸው ጉዞው ቤት ውስጥ ነው የሚያልቀው። ፓርኩ ውስጥ እንጨት መልቀም ክልክል ስለሆነ የምንሠራው በጋዝ ምድጃ ነው፤ ጋዝ ደግሞ እላይ ብርዱ ውስጥ ቶሎ ያልቃል። ባቄላና ምስር እዚያ ከፍታ ላይ ቢውል ቢያድር አይበስልም። ስለዚህ ቤት ቀቅለን፣ ፀሐይ ላይ አድርቀን፣ እላይ በፈላ ውኃ ብቻ እንመልሰዋለን። ድርቆሹን በጨርቅ፣ በሶውን በጣሳ፣ ቅቤውን ክዳኑ በሚጠብቅ ዕቃ እናስራለን። ረቡዕና ዓርብ የሚበላው ለብቻው ነው። መጨረሻ የሚበላው መጀመሪያ ይጫናል። ይህን ሁሉ እያሰርን ሳለ በድንገት «ጨው የት ነው?» ይሉኛል። እጄ ዕቃውን ሳይፈታ መጠቆም አለበት፤ ካልጠቆመ ሁሉም ይፈታና እንደገና ይታሰራል።

ከጉዞው በፊት ተጓዦቹን ላህ ወንዝ ዳር ሜዳው ላይ ሰብስበው አንድ ቀን ያውሏቸዋል። ድንኳኑን ራሳቸው ይተክላሉ፣ የተጫነውን ምግብ ይበላሉ፣ ጫማቸውን ያወልቃሉ። እትዬ እያንዳንዱ ጫማ ውስጥ እጃቸውን ይከታሉ። የኛ ሰው ለትልቅ መንገድ አዲስ መልበስ ይወዳል፤ አዲስ ጫማ ደግሞ ተራራ ላይ እግር ይልጣል። አንድ ጊዜ የአዴት ሰው ጫማ ውስጥ እጃቸውን ቢከቱ ሱቅ ውስጥ የሚታጨቅበት ወረቀት ገና አልወጣም ነበር።

«ወንድሜ፣ ይህን ለሙሽርነትህ አስቀምጠው።»

«ኧረ እትዬ፣ ተራራውን በአሮጌ ጫማ ልረግጠው ነው?»

«ተራራው ጫማህን አያይም። ይልቅ እርሻ የምትሄድበትን አምጣ።»

ከሁሉም በላይ ግን የእጅ ውኃው ነበር። በእኛ አገር ታናሽ ታላቁን ያስታጥባል፤ ሌላ አናውቅም። እትዬ ግን ጉዞ ላይ ይህን ይሽሩታል። ጠዋት ጠዋት ቁርስ ከመቅረቡ በፊት ተጓዡ ክብ ይቆምና አንዱ ጆጉን ይዞ ጎረቤቱን ያስታጥባል፤ ያ ደግሞ ቀጣዩን፣ እንዲህ እየተባለ ይዞራል። ሰው ጨዋታ ይመስለዋል። እሳቸው ግን የሚያዩት የሚቀዳውን ሰው እጅ ነው።

ለእኔ አንድ ቀን ድንች እየላጥን ነገሩኝ። «ከፍታ ያመመው ሰው ደህና ነኝ ነው የሚለው። እያወቀ አይደለም፤ ራሱም ደህና ይመስለዋል። ሲብስበት ግን እጁ የሚያነጣጥረውን ይስታል። ጆጉን ስጪውና ውኃው የት እንደሚወርድ እዪ። ከሳተ ክርክር የለም፣ ቁልቁል ነው።» ይህን ያስተማራቸው እዚያው ተራራው ላይ የሚኖር በቅሎ ነጂ ነው። እንግዳው ስለሞተበት ነው ያወቀው።

አሁን ወደ ጋሼ አድማሱ ልምጣ።

ጋሼ አድማሱ ልጅ ሳለሁ ፍኖተ ሰላም አራተኛ ክፍል አስተምረውኛል። ከተማው ውስጥ እሳቸው ያላስተማሩት ሰው ማግኘት ይቸግራል። የዋልያን ሥዕል ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ሲስሉት ጠመኔውን ሳያነሱ ቀንዱን በአንድ ጊዜ ይስባሉ፤ «ይህ ፍየል አይደለም! ፍየል ነው ያለ ውጭ ይቆማል!» ይላሉ። እኛም እንስቃለን። ጡረታ ሲወጡ መምህራኑ ምን እናድርግልዎ ቢሏቸው «ዋልያን በዓይኔ አሳዩኝ» አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያስተማሩትን አንድም ቀን አይተውት አያውቁም ነበር።

መምህራኑ ገንዘብ አዋጥተው ወደ እትዬ መጡ። አሰናጁ ደሳለኝ የሚባለው ወጣት የስፖርት አስተማሪ ነበር፤ ቀልደኛ ነው፣ ጋሼን ደግሞ እንደ አባት ይወዳቸዋል። ችግሩ ቀኑ ላይ መጣ። ጋሼ ለደብራቸው ንግሥ መድረስ ነበረባቸው፤ ቀርተው አያውቁም። የእትዬ ደንብ ደግሞ ወደ ላይ ከመውጣት በፊት ደባርቅ አንድ ሌሊት፣ ሳንቃበር አንድ ሌሊት ማደር ነው፤ ሰውነት ቀስ እያለ ይልመደው ብለው።

«እትዬ፣ ጎንደር አድረን በመኪና ቀጥ ብለን እላይ ጨነቅ ሰፈር ብንገባስ? ዋልያው ያለው እዚያ ነው» አለ ደሳለኝ።

«አይሆንም። ከፍታው ራስ ይመታል።»

ጋሼ ሳቁ። «እሜቴ፣ እኔ እኮ የፈረስ ቤት ልጅ ነኝ። ደጋ ተወልጄ በደጋ ነው ያደግሁ። ለእነዚህ የቆላ ጥጆች ይፍሩላቸው እንጂ።»

ሁሉም ሳቀ፣ እትዬም ሳቁ። ጋሼ ከፈረስ ቤት ወርደው ፍኖተ ሰላም ሲኖሩ ፀጉራቸው እንደሸበተ ማንም አላሰበም። በመጨረሻም እትዬ «እንግዲህ ለንግሡ ካልደረሱ በእኔ ይሆናል» ብለው ተስማሙ። ደንባቸውን ሲለቁ ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። 

ሁለተኛው ላህ ወንዝ ዳር ሆነ። ጆጉ ዞሮ ጋሼ ዘንድ ሲደርስ መምህራኑ በአንድ ድምፅ ጮኹ።

«ኧረ በማርያም! ጋሼማ አያስታጥቡም!»

ደሳለኝ ጆጉን ከእጃቸው ነጠቀ። ጋሼም «ዕድሜ የጠቀመኝ ለዚህ ብቻ ነው» ብለው ቀለዱ። እትዬን አየኋቸው። አፋቸውን ከፈት አድርገው ነበር፤ መልሰው ዘጉት። «ይሁን፣ ለእሳቸው ይቅር» አሉ። በእኛ ባህል ምን ሊሉ ይችሉ ነበር? አንድ ከተማ ያስተማሩ ሽማግሌ ለልጅ ውኃ ይቅዱ ይባላል?

ጨነቅ የገባነው ከሰዓት በኋላ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ የለም፤ መሬቱ በድንገት ያልቅና እታች ሌላ አገር ይታያል። ጋሼ ገደሉ ዳር ቆመው ቆባቸውን አወለቁ። ራት ላይ ግን ጥቂት ብቻ ቀመሱ።

በማግስቱ ጠዋት ራሳቸውን ይዘው ወጡ።

«ምነው ጋሼ?»

«ምንም አይደል፣ ቡናዬ ነው። ትናንት መንገድ ላይ ቡና አልጠጣሁም እኮ።»

ይህን የምታነቡ ሁሉ ታውቁታላችሁ። ቡና የለመደ ሰው አንድ ቀን ከዘለለ ራሱን ይፈልጠዋል፤ በእኛ ቤት ራሱን ለታመመ ሰው መጀመሪያ የሚቀርበው ጥያቄ «ቡና ጠጥተሃል ወይ?» ነው። እትዬም የቡና ሱሰኛ ናቸው፤ የራስ ምታቱን ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። ከቡናው ጣሳ ቀንሰው በጋዙ ላይ ቶሎ አፈሉላቸው። ጋሼ ሁለት ሲኒ ጠጡና «እፎይ፣ ተሻለኝ» አሉ። እኛም እፎይ አልን። የእጅ ውኃው ሲዞር ደሳለኝ የጋሼን ተራ ወሰደ። ቀኑን ሙሉ ከኋላ ከኋላ በዝግታ ሄዱ፤ «ዕድሜ ነው» እየተባለ በየቦታው ተጠበቁ። ማታ ራስ ምታቱ ሲመለስባቸው እንደገና ቡና።

ቀጣዩ ጠዋት ድንኳኑ ላይ አመዳይ ወርዶ ነበር። እትዬ ከፓርኩ ጠባቂ ጋር የቀኑን መንገድ ለመነጋገር ወደ ላይኛው ሰፈር ሄደዋል። እኔ ሻይ እየቀዳሁ ነው። ጋሼ ጋቢያቸውን ገልብጠው ለብሰው መጡና ተቀመጡ። ስኳር በማንኪያ ዘገኑ፤ ከብርጭቆው አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አፈሰሱት። ደግመው ዘገኑ፣ እዚያው ላይ አፈሰሱ። ከዚያ አማሰሉና ጠጡ።

ማንም አላየም። መምህራኑ ይጨዋወታሉ።

«ጋሼ፣ ዛሬ ዋልያውን ስሙን ጠርተው ሰሌዳ ፊት ያቆሙታል!»

ጋሼ ሳቁ። ግን ሁሉም ስቆ ከጨረሰ በኋላ ነው የሳቁት።

እትዬ የሉም። ጆጉ በእጄ ነው። እንደ ወትሮው መጀመሪያ ጋሼን ማስታጠብ ነበረብኝ።  

«ጋሼ» አልኩ። ድምፄን ራሴ አላወቅሁትም። «እባክዎ እኔን ያስታጥቡኝ።»

ጨዋታው ቀጥ አለ።

«ምን አልሽ?» አለ ደሳለኝ።

«እኔን... ያስታጥቡኝ።»

«አንቺ ልጅ፣ ምን ነካሽ? አስተማሪሽ እኮ ናቸው!»

«ብርዱ ነው፣ ዞሮባት ነው» አለች አንዷ መምህርት።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እጄን ግን ዘርግቻለሁ፤ አልሰበሰብኩትም። ጋሼ ብዙ አዩኝ። ከዚያ ፈገግ አሉ።

«አራተኛ ክፍል ሳለሽ አንድ ቀን እጅሽን አውጥተሽ አታውቂም። ዛሬ ነው የምትጠይቂኝ? አምጪው።»

ጆጉን ተቀብለው አዘነበሉት። ውኃው እጄን አልነካም። ከእጄ ርቆ ከጎኔ በቆመው በደሳለኝ ጫማ ላይ ወረደ። ጋሼ ፊት ለፊቴ እያዩኝ መቅዳታቸውን ቀጠሉ፤ ውኃው ጫማው ላይ ይንቧቧል፤ ደሳለኝ እግሩን አላነሳም።

«በቃሽ ወይስ ልጨምር?» አሉኝ።

ደረቅ እጄን እንደዘረጋሁ ቀረሁ።  ያን ጥያቄ ዛሬም ሊጥ እያቦካሁ እሰማዋለሁ።

እትዬ የደረሱት ያን ጊዜ ነው። የኔን ደረቅ እጅ አዩ፣ የደሳለኝን ርጥብ ጫማ አዩ፣ ጆጉ በማን እጅ እንዳለ አዩ። አንድም ነገር አልጠየቁም።

«መኪናውን አስነሱ። አሁኑኑ።»

«ወዴት?» አሉ ጋሼ። «ዋልያውን ሳላይ?»

«ዋልያው የትም አይሄድም ጋሼ። ይነሡ።»

ጋሼ ሲቆጡ አይቼ አላውቅም ነበር። «ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩትን በወጥ ቤት ልጅ ቃል ሳላየው ልመለስ?» ብለው ጮኹ። ቃሉ እንደ ጥፊ መታኝ። ከዚያ ሊነሡ ሲሞክሩ እግራቸው ወደ ጎን ሄደ። ሁለት መምህራን ባይይዟቸው ጋዙ ላይ ይወድቁ ነበር። መኪናው ውስጥ ሲያስገቧቸው ለመቆጣትም አቅም አልነበራቸውም።

ጥቂት እንደሄድን ሾፌሩ ፍጥነቱን ቀነሰ። ከመንገዱ ዳር ትልቅ ወንድ ዋልያ ቆሟል። ቀንዱ ወደ ኋላ ታጥፎ ጀርባው ሊደርስ ነው፤ ልክ ሰሌዳው ላይ እንደሚስሉት። መኪናውን አልፈራም፤ እያመነዠከ ያየናል።

«ጋሼ! ዋልያ! ይዩ፣ ዋልያ!» አለ ደሳለኝ። እያለቀሰ ነበር።

ጋሼ አንገታቸውን አዞሩ። በመስኮቱ አዩት፣ በደንብ አዩት።

«የማን ፍየል ነው?» አሉ። «እረኛው የት ሄዶ ነው መንገድ ላይ የለቀቀው?»

እትዬ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ደባርቅ ኦክስጅን ሰጧቸው፤ ከዚያ ጎንደር ወሰድናቸው። ሐኪሙ ከፍታው አንጎላቸውን እንዳሳበጠው ነገረን። የቡናውን ነገር ስንነግረው ራሱን ነቀነቀ። «ሌላ ቀን ውለው ቢሆን በሬሳ ነበር የምታመጧቸው» አለ። ለንግሡ ሳይደርሱ ቀሩ።

ሁልጊዜ ከጉዞ እንደተመለስን እትዬ መጀመሪያ የሚያደርጉት ድንኳኑን አውጥተው ማስጣት ነበር። ያን ጊዜ ግን እርጥቡ እንደታሰረ ጓዳ ውስጥ ከረመ። ብፈታው ሻግቷል። የሻገተውን አጥቤ የተቀደደውን በሰማያዊ ክር የጣፍኩት ያኔ ነው። እትዬ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ሲያዩኝ ቆዩና «ሁለቱንም ደንብ ያወጣሁ እኔ፣ ሁለቱንም የለቀቅሁ እኔ» አሉ። ሌላ አልጨመሩም። ከዚያ በኋላ መንገዱም እንደ ልብ አልሆን አለ፣ ተጓዡም ጠፋ፣ እሳቸውም ድስቱንና ድንኳኑን ሸጡ። እኔም ቡሬ ዳቦ ቤት ልገባ ሆነ።

ወደ ቡሬ ልሄድ ስል ጋሼ አድማሱ እትዬንና እኔን ምሳ ጠሩን። ቀጥ ብለው ይሄዳሉ፤ ንግግራቸውም ተመልሷል። ደስ አለኝ። ልጃቸው ጆግና ማስታጠቢያ ይዛ ስትመጣ ግን ጋሼ ተነሡ።

«ወዲህ አምጪው።»

ባለቤታቸው ደነገጡ። «ኧረ እርስዎ ሰውዬ፣ ምን ሁነው ነው?»

«ተዪኝ እባክሽ። ይች ልጅ አስታጥቡኝ ብላኝ ሳላስታጥባት ቀረሁ አሉ።» ጆጉን ይዘው ፊቴ ቆሙ። «እኔ አላስታውሰውም፤ ሁሉም ጠፍቶብኛል። አየሁት ወይ ዋልያውን? ደሳለኝ አይተውታል ይለኛል፤ እሱ ደግሞ ሊያስደስተኝ ሲል ይዋሻል። አንቺ ግን አትዋሺኝም።»

«አይተውታል ጋሼ። ትልቅ ወንድ ነበር። ከመንገዱ ዳር ቆሞ አዩት።»

«ምን አልኩ?»

እትዬን አየኋቸው። መሬት መሬት ያያሉ።

«እረኛው የት ሄደ አሉ።»

ጋሼ መሳቅ ጀመሩ፤ ዓይናቸው እንባ እስኪያቀር ሳቁ። «ፍየል አልኩት በይኛ! ይኼኔ ክፍል ቢሆን ውጭ ነበር የምቆም!» ቤቱ ሁሉ አብሯቸው ሳቀ። «በይ ዘርጊ» አሉኝ።

እጄን ዘረጋሁ። ጆጉን አዘነበሉት። ውኃው መጀመሪያ የጣቴን ጫፍ ነካ፤ ከዚያ ወደ ጎን ሸሸና ወለሉ ላይ መውረድ ጀመረ። ሳቁ ቆመ። ጋሼ አላዩትም፤ የሚያዩት ፊቴን ነው። ከጎኔ የእትዬ ትንፋሽ ሲቋረጥ ሰማሁ።

እጄን ቀስ አድርጌ ውኃው ወደሚወርድበት አስጠጋሁት።

«በቃሽ?» አሉኝ ጋሼ።

«ትንሽ ይጨምሩልኝ» አልኩ።